ርክክብ

ፋብሪካው ተዘጋ፤
በሰኔ፣ ማክሰኞ፣ ገና ሳይነጋ።
ፊሽካ አልተነፋም፤ መኪኖቹ ብቻ አንድ ባንድ ዝም አሉ፣
ወሬ ሳይጨርሱ እንቅልፍ እንደሚጥላቸው ሽማግሌ ሁሉ።

ከዚያ ኮሚቴ መጥቶ ዕቃ ቆጠረ በተራ፦
ሠላሳ ስምንት ወንበር፣ ዘጠኝ አካፋ፣ የማይሠራ የግድግዳ ሰዓት፣ ከቢሮ የወረደ ባንዲራ፣
አንድ ጎማ አልባ ጋሪ። ቁጥር አርባ ሁለት ላይ ብዕሩ ቆመ፤
ጸሐፊው ምን ብሎ እንደሚጽፈው ቸግሮት፣ ጣሪያውን ተሳለመ።

መጋዘን አራት ውስጥ፣ በሐይቁ በኩል ካለው ግድግዳ ሥር፣
ከጉልበት የማታልፍ፣ አራት ጎልማሳ ግን የምታስቸግር
የእርሳስ ሣጥን አለች። ቢጫ ቆርቆሮ ላይ ሦስት ጥቁር ክንፍ፤
የማይበር ወፍ፣ የማያውቅ እንቅልፍ።
የቀለሙን ጋን፣ በብረቱ አልፋ፣ ስንት እንደያዘ ታይ ነበር፤
ጋኑ በኪሎ ተሸጠ። እሷ አሁንም ታያለች፤ ለማን እንደምትናገር
አናውቅም።

«አርባ ሁለት፦ ልዩ ልዩ። ብዛት አንድ። ይዞታ ደህና።
ተረካቢ?» «ምንይችል» አሉት። ስሜ ጥያቄ ሆነብኝና
እጄ ትንሽ ዘገየ።
ፈረምሁ።

ይታክቱ፣ የቤተ ሙከራዋ፣ ጋዋኗን በፌስታል ይዛ ስትወጣ
በር ላይ ቆመች፤ ባጃጁ እስኪመጣ፦
«ጋሼ፣ ይቺ ነገር በቁልፍ ብትዘጋም አትዘጋም፤
ግማሿ ለመሞት ሠላሳ ዓመት ይፈጃል፤ በዚያም አይነጋም።
ከዚያ የግማሿ ግማሽ፣ ሌላ ሠላሳ፤ ከዚያ የዚያም እኩሌታ፤
የልጅ ልጅዎ ቁልፉን ይዞ፣ እዚችው በር ላይ ሲያንጎላጅ ማታ።»

ለጡረታ ያኔ ሦስት ዓመት ቀርቶኛል፤
ከሠላሳው ላይ ባነሳው፣ ሃያ ሰባቱን ማን ይወጣልኛል?

ሐምሌ ላይ ጣና ይነሳል። ጠብ አይደለም፤ አመሉ ነው፤
ደንገሉን አስጎንብሶ፣ እምቦጩን እየገፋ፣ ወደ ግንቡ የሚመጣው።
በከሰል፣ ከውጭ፣ ውሃው የደረሰበትን አሠምራለሁ፤
አምና ቁርጭምጭሚቴ፣ ዘንድሮ ጉልበቴ፤ የከርሞውን በስንዝር እገምታለሁ።

ሦስት ደብዳቤ ጻፍሁ። አንዱ ተመራ፣ አንዱ ጠፋ፤
መልስ ስጠብቅ ክረምት መጣ፣ በጋ አለፈ፣ ቀለሙም ደበዘዘና ጠፋ።
ሦስተኛው «ለሚመለከተው» ተብሎ ተመለሰ ለራሴ፤
ፖስታው ላይ ስሜ ነበር፦ ምንይችል ዋሴ።

እንድሪስ ደንገል አጭዶ ታንኳ ከሚያስርበት ዳር
«ጥበቃው! ምን አለ እዚያ? ዓሣው ሸሽቶ ነው የሚያድር»
ይለኛል። ምን ልበል? ከሣጥኗ ይሁን፣ ከጠባብ መረብ፣ ከእምቦጩ ጥላ፣
አላውቅም። «ልዩ ልዩ ነው» አልሁት። ሳቀ፤ ያጠመዳትን ቀረሶ በፊላ
አንጠልጥሎ ሰጠኝ።
ማታ ጠበስኋት። ግማሿን በላሁ።
ግማሿን እያየሁ አመሸሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሙሽሮች ይመጣሉ። የተላጠ ግንብ ለፎቶ ይመቻል፤
ከኋላ ሐይቁ፣ ታንኳው፤ አንድ ይብራ ይዋኛል።
ልክ መጋዘን አራት ሥር፣ ሙሽሪት ቬሏን ዘርግታ ስትቀመጥ
«ልጆቼ፣ ከዚያ ፈቀቅ!» እላለሁ፤ ምክንያቴን ሳልገልጥ።
ፎቶ አንሺው ዞሮ ይገላምጠኛል፤
«አባባ፣ ብርሃኑ እኮ ያለው እዚህ ነው» ይለኛል።

አለ። አውቃለሁ።
ኪሴ ውስጥ ቁልፉን እነካለሁ።